ለቡችላ ማደሪያ

ዛሬ የምናወራው ስለ ከብት ወይም ስለ እህል አይደለም። ስለ ቡችላ ነው። «ስለ ውሻ ደግሞ ምን ይወራል!» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ሌሊት ቤት የሚጠብቀው፣ ከእረኛው ጋር ሜዳ የሚውለው፣ ዝንጀሮ ከማሳ የሚያባርረው እሱ አይደለም እንዴ?

ልጅ ሳለሁ አባቴ ከጎረቤት ቡችላ አመጣልኝ። ዐይኑን ከገለጠ ገና ብዙ ቀን አልሆነውም ነበር። በመጀመሪያው ሌሊት አለቀሰ፣ አለቀሰ። አባቴ ተናደደና ወደ ደጅ አውጥቶ ከአጥሩ ሥር አሰረው። ሲነጋ የቀረው ገመዱ ብቻ ነበር። ጅብ ወስዶታል። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ቡችላ ለምን እንደሚያለቅስ የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው።

ቡችላ እስከ ትናንት ከእናቱ ሥር፣ ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር ተጠጋግቶ ይተኛ ነበር። ዛሬ ብቻውን ነው። በርዶታል፤ ፈርቷልም። ስለዚህ ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ አትለዩት። ስታመጡትም ከእናቱ መኝታ ጥቂት ጭድ ወይም እራፊ ጨርቅ አብራችሁ አምጡ። የእናቱን ጠረን ሲያሸት ይረጋጋል።

አሁን ወደ ማደሪያው እንምጣ። ውሻ ስትወልድ አይታችኋል። ከጎተራ ሥር ወይም ከእንጨት ክምር ውስጥ ትገባለች። ውሻ ጠበብ፣ ጨለም ያለ ቦታ ይወዳል። በከተማ ለዚህ ብለው የሽቦ ወይም የፕላስቲክ ሣጥን የሚገዙ አሉ። እናንተ መግዛት አያስፈልጋችሁም። የእንጨት ሣጥን ይበቃል። ያረጀ የንብ ቀፎም በጎኑ ቢጋደም ለትንሽ ቡችላ ይሆናል። ሰሙን ግን በደንብ ፋቁት፤ አለዚያ ጉንዳን ትጠራላችሁ።

ቡችላው በውስጡ መቆም፣ መዞርና ተዘርግቶ መተኛት ከቻለ ልኩ ነው። ከዚያ በላይ አይስፋ። ለምን ቢሉ፣ ውሻ በተኛበት መሽናት አይወድም። ቦታው ከሰፋ ግን በአንዱ ጥግ ይሸናና በሌላው ጥግ ይተኛል። ሲያድግ ሌላ ሰፋ ያለ ሥሩለት። ጭድ አንጥፉበት፤ ጭዱንም ቶሎ ቶሎ ለውጡ፤ ቁንጫ እንዳይፈላበት።

ታዲያ በግድ ገፍታችሁ አታስገቡት። ምግቡን በሰባራ ገል አድርጋችሁ ውስጥ አስቀምጡለት። በሩ ክፍት ይሁን። ራሱ ይገባል፣ ይወጣል። ጥቂት ቀን እንዲህ ከለመደ በኋላ፣ እየበላ ሳለ በሩን ዝጉና ማልቀስ ሳይጀምር ክፈቱለት። ዕለት ዕለት ጊዜውን ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። ሲያጠፋ ተቆጥታችሁ ወደዚያ አትወርውሩት። ልጆችም በዱላ አይነካኩት። ማደሪያው እስር ቤት ከሆነበት ሁለተኛ በገዛ እግሩ አይገባም።

ሌሊት ማደሪያው ከሰው አጠገብ ይሁን። «ውሻ ቤት አይገባም» የምትሉም ግልገልና ጥጃ በሚያድርበት ጥግ፣ ጅብ በማይደርስበት አድርጉት። የሰው ትንፋሽና ድምፅ ሲሰማ ቶሎ ዝም ይላል። ዝም ብሎ ቆይቶ እኩለ ሌሊት ላይ ቢያለቅስ ግን ሽንቱ መጥቶበት ይሆናል። ተነሡ፣ ወደ ሽንት ቦታው ውሰዱት፣ ሲጨርስ መልሱት። አታጫውቱት፤ ካጫወታችሁት በነጋታው ለጨዋታ ያስነሣችኋል።

የሁለት ወር ቡችላ ቀን ላይ ከ2 ወይም ከ3 ሰዓት በላይ ሽንቱን አይችልም። እሱን ዘግቶ ገበያ መዋል ግፍ ነው። ከእንቅልፉ ሲነሣና ሲበላ ወዲያው አውጡት። ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ይሁን፤ ያም ከውኃ፣ ከጎመን መደብና ልጆች ከሚጫወቱበት የራቀ ይሁን። የውሻ ኩስ የትል እንቁላል ይይዛል፤ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ቤት ውስጥ ቢሸና አፍንጫውን በሽንቱ አትሹት። አመድ አድርጉበትና ጥረጉት። እሱ የሚማረው ዱላውን መፍራት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተደብቆ ይሸናል።

ይህን ሁሉ የምለው ለእንቅልፋችሁ ብዬ ብቻ አይደለም። ክትባት ሰጪ ወደ መንደር ሲመጣ የሚሆነውን ታውቃላችሁ። ውሻው ወደ ጫካ፣ ባለቤቱ በኋላው! ማደሪያ የለመደ ውሻ ግን ሲጠሩት ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ ይከተባል። ቡችላ 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተብ። የእንስሳት ጤና ባለሙያው በሚነግራችሁ ጊዜም ይደገምለት።

ይህ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ቡችላም ይይዘዋል። የታመመ ውሻ ሁሉ ደግሞ አይናከስም። አንዳንዱ መዋጥ ያቅተዋል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ አጥንት ያነቀው ይመስላል። «ላውጣለት» ብላችሁ እጃችሁን ወደ አፉ አትስደዱ! በሽታው በለሃጩ ውስጥ ነው። ውሻ ወይም ቡችላ የነከሰው፣ የቧጨረው፣ ቁስሉንም የላሰው ሰው ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠብ። ደቂቃ የሚቆጥር ሰዓት ከሌለ ይብዛ እንጂ አይነስ። ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠበል የሚጠመቅም ይጠመቅ፤ ክትባቱ ግን ጠበሉን አይከለክልም፣ ቀንም አይጠብቅም።

ስለ ማሰሪያ ገመድ አንድ ነገር ልጨምር። የቡችላ አንገት በየሳምንቱ ይወፍራል። ሁለት ጣት በገመዱ ሥር ካልገባ አላሉት። ገመድ ሥጋውን በልቶ የገባበት ውሻ አይቻለሁ።

ቤቱ አሮጌ ቀፎ ያለው ነገ ይዞ ይምጣ። በሩን ከጭራሮ አብረን እንሠራለን።