በርቀት የምንቆጣጠረው ኮምፒዩተር ሲቋረጥ



ከአዲስ አበባ ሆነን በአምቦ ወይም በጉደር የሚገኝ ኮምፒዩተር በርቀት ስንቆጣጠር መስኮቱ ድንገት ቢዘጋብን፣ «አጥፍታችሁ አብሩት» ብለን በስልክ ለማዘዝ እንቸኩላለን። ገና ሴቭ ያልተደረገ የደመወዝ ሰነድ ተከፍቶ ከሆነ የሚያጠፋው ይኸው ትእዛዝ ነው። የዊንዶውስ የርቀት ዴስክቶፕ በተለመደው አሠራሩ፣ ግንኙነቱ ቢቋረጥም ሥራውን በወዲያኛው ማሽን ላይ ያቆየዋል። እንግዲህ አስቀድሞ ተመልሶ መግባት ነው፤ ሰነዱ እንደነበረ ከተገኘ እክሉ አብዛኛውን ጊዜ በመስመሩ ወይም በእኛው በኩል ባለው ፕሮግራም ነው። ካልተገኘ የወዲያኛው ማሽን የክንውን መዝገብ ይመርመር። እዚህ ላይ ሰዓት ያሳስታል፤ የአምቦው ሠራተኛ «ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተዘጋ» ሲል መዝገቡ 9:00 ይላል። በ3:00 ሥር የሚፈልግ ባለሙያ የሌሊቱን ጸጥታ ብቻ አይቶ «ማሽኑ ደኅና ነው» ይላል።