ፊደል መሣልስ ሥዕል አይደለምን?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ከሥነ ጥበብና ዲዛይን ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



ሕክምና የሚማረውን ጓደኛችንን «ሐኪም ትሆናለህ» ይሉታል፤ ሕግ የምትማረውን «ዳኛ ትሆኛለሽ» ይሏታል፤ እኛን ግን «ሥዕሉስ ደኅና፤ ምን ልትሠሩበት ነው?» ብለው ይጠይቁናል። ጥያቄው የክፋት አይደለም። ልጁን አስተምሮ ፍሬውን የሚጠብቅ ወላጅ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ጥበብ ውበት በጠቅላላው ከመደስኮር ይልቅ፣ ገና ሠሪ ስለሚሻ አንድ ሥራ እንናገራለን፤ እርሱም የፊደላችን መልክ ነው።

አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ካቋቋሙ ወዲህ ስመ ጥር ሠዓልያን አስተምረውበታል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከኮሎኝ፣ እስክንድር ቦጎሲያን ከፓሪስ የቀሰሙትን ይዘው መጡ። ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣው ወሰኔ ኮስሮፍ ፊደልን ራሱን የሥዕሉ አካል አድርጎ በዓለም ታወቀበት። ፊደል በሸራ ላይ ሲወጣ ሁላችንም እናጨበጭባለን። በመጽሐፍና በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲወርድ ግን «የጽሕፈት ሥራ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ይህ ልዩነት ከየት እንደመጣ አይገባንም።

ቀድሞ ፊደል መጣል የተናቀ ሥራ አልነበረም። ቁም ጸሐፊው ብራናውን ፍቆ፣ መስመሩን በወስፌ አስምሮ፣ ብርዑን ቀርጾ፣ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም በጥብጦ ሲቀመጥ፣ የፊደሉን ቁመትና የኅዳጉን ስፋት አስቀድሞ ወስኖ ነው። ዛሬ «የገጽ ዲዛይን» እያልን የምንማረው ይህንኑ አይደለምን?

ጣጣው የመጣው ፊደሉ ከብርዕ ወደ መኪና ሲሻገር ነው። ግዕዝ በማተሚያ የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1513 ሮም ላይ ነው፤ መጽሐፉ መዝሙረ ዳዊት፣ አሳታሚው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ነበር። ግዕዙን ያስተማሩት በዚያ የነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ናቸው። የአማርኛው የጽሕፈት መኪና በተራው ቁልፎቹ ለፊደሉ ሁሉ ስላልበቁ፣ ግንዱን ለብቻ ምልክቱን ለብቻ እየመታ ይገጣጥም ነበር፤ ፊደሉም እንደ ተሰበረ ዕቃ ተጠግኖ ወጣ። በ1999፣ አሁንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ገባ። በ2007 ከዊንዶውስ ጋር የተሠራጨውን «ንያላ» የተባለውን መልክ የነደፈው በካናዳ የሚሠራው ጆን ሃድሰን ነው። ሰውየውን አንነቅፍም፤ ሥራው የተጠና ነው። የሚቆጨን እርሱ መሥራቱ ሳይሆን፣ ከጎኑ የሚቆሙ የእኛ ነዳፊዎች በቁጥር ማነሳቸው ነው።

ሥራው ደግሞ ቀላል አይምሰላችሁ። የላቲን ፊደል ነዳፊ 26 ትልልቅና 26 ትንንሽ ከነደፈ ዋናው ድካሙ አለቀለት። የእኛው 33ቱን በ7 ቤት ሲያበዛ 231 ይደርሳል፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዙና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከ270 ያልፋል። ቁጥሩ ብቻ ቢሆን ትዕግሥት ይበቃው ነበር። ነገሩ ግን የድምፁ ለውጥ በጥቃቅን ምልክት ላይ መንጠልጠሉ ነው። «ሊ» ከ«ሌ» የሚለየው በቀኝ እግሩ ጫፍ ባለች አንዲት ሰረዝና አንዲት ቀለበት ነው። ፊደሉ ሲያንስ ወይም ቀለሙ ሲበዛ ቀለበቷ ትደፈናለች። የማኅበራችንን ጋዜጣ በስቴንስል የሚያዘጋጁት ጓደኞቻችን ይህን ያውቁታል፤ ፊደሉ በርትቶ ሲመታ የቀለበቷ መኻል ተቦጭቆ ይወድቅና ጥቁር ነጥብ ሆና ትቀራለች። (ይህ ንግግር ሲታተምም ሳይደርስበት አይቀርም፤ ታግሣችሁ አንብቡ።) ተማሪ ቢሳሳት ገምቶ ያልፋል። የመድኃኒቷን ወረቀት ዐይኗ ላይ አስጠግታ የምታነብ አሮጊት፣ ወይም ገና ፊደል የሚቆጥር ሕፃን ግን በምን ይገምት?

«ይህ የእጅ ሙያ ነው እንጂ የዩኒቨርስቲ ትምህርት አይደለም» የሚሉ መምህራን እንዳሉ እናውቃለን። ለእነርሱ በአክብሮት የምንመልሰው፣ አንድ ፊደል በደንብ ለመንደፍ የቋንቋውን ታሪክ፣ የዐይንን ጠባይና የልኬትን ስሌት አንድ ላይ ማወቅ ግድ መሆኑን ነው። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ለብቻው ዲግሪ ይሰጥበታል። «ኮምፒዩተር አለላችሁ» የሚለን ደግሞ፣ ኮምፒዩተር የሚያሳየው አንድ ሰው ነድፎ ያስገባበትን መሆኑን ይዘነጋል።

የምንለምነው ብዙ አይደለም። የሰው አካል መሣል ዓመት የሚሰጠው ከሆነ ለፊደልም ዓመት ይሰጠው። የቋንቋ መምህራንና ቁም ጸሐፊዎች ከእኛ ጋር በአንድ ክፍል ይቀመጡ፤ ቁም ጸሐፊው ዲግሪ የለውም ተብሎ በር ላይ እንዳይቀር። መመረቂያውንም በተመለከተ፣ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» አንድ ሙሉ የፊደል መልክ ነድፎ ያቀረበ ተማሪ፣ በሸራ ላይ ቀለም ካቀረበው እኩል ይቆጠርለት። ቀለም ቀቢዎቹ ወንድሞቻችን በዚህ ቅር እንዳይላቸው፤ ከእነርሱ ሸራ የምንቀንሰው ነገር የለም።

እስከዚያው ግን ቆመን አንጠብቅም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሥዕል ክፍል ተሰብስበን የልዩ ልዩ መጻሕፍትን ፊደል በማስመሪያ እንለካለን። በመጀመሪያው ቀን የምንይዘው ኃምሱን ቤት ነው። እርሳስ፣ ማስመሪያና በቤታችሁ ያለ አሮጌ መጽሐፍ ይዛችሁ ኑ፤ መጽሐፉን ሳንጎዳ እንመልሳለን።