ጎማ ከመስተካከሉ በፊት የአውቶሞቢልን ቁመት ስለ መለካት፤ ለጁባ ወደብ ነጂዎችና ሹማምንት የተዘጋጀ ንግግር



በነጭ ዓባይ ተጭኖ ወደ ጁባ ወደብ የደረሰው ዕቃ ከወደቡ የሚነሣው በመኪና ነው። መኪናውም ሸክም ሲበዛበትና ጕድጓድ ሲደጋገምበት ሞላው ወይም ባሌስትራው እየደከመ አካሉ ወደ ምድር ዝቅ ይላል። ነጂው ግን ይህን ሳያስተውል፣ መሪው ወደ አንድ ወገን ሲስበውና የጎማው ጠርዝ ሲበላ ወደ ጋራዥ ሄዶ «አላይመንት ሥሩልኝ» ይላል። ከፍሎ ይወጣል፤ አዲሱም ጎማ እንደ ፊተኛው ይበላል።

የዚህ ምክንያት እንደሚከተለው ነው። በሃይኤስ ሚኒባስና በላንድ ክሩዘር 100 እያንዳንዱ የፊት ጎማ ለብቻው የተንጠለጠለ ሲሆን፣ የሚይዙት ክንዶች እንደ በር በማጠፊያቸው ላይ ስለሚዞሩ፣ አካሉ ሲወርድ የጎማው ዘንበልታና አቅጣጫ አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ በወረደ መኪና ላይ የተሠራ አላይመንት፣ ሞላው በተለወጠ ወይም ይበልጥ በደከመ ጊዜ ይፈርሳል። (የፊት አክስሉ አንድ ወጥ በሆነው ላንድ ክሩዘር 70 ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም።) አንድ ጎማ ከቀጥታ መስመሩ በ1 ዲግሪ ቢዛነፍ፣ በየኪሎ ሜትሩ 17 ሜትር ያህል በጎኑ ይፋተጋል። አስፋልቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. የተፈጸመው የጁባና የኒሙሌ መንገድ 192 ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ፣ በአንድ ጉዞ ብቻ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ በጎኑ ተጎተተ ማለት ነው። የመንግሥት መኪና ሲሆን ደግሞ የሚፋተገው የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ለመለካት ሜትርና ደልዳላ ወለል ይበቃል። ጭነቱ ይወርዳል፤ የጎማዎቹ ነፋስ በልክ ይሞላል፤ ሰርባቶዮውና ተቀያሪው ጎማ የፋብሪካው መጽሐፍ እንዳዘዘው ይሆናሉ። ከዚያም መኪናው ከፊትና ከኋላ ጥቂት ጊዜ በእጅ ተጭኖ ይለቀቃል፤ ይህ ካልተደረገ ክንዶቹ በተያዙበት ስለሚቀሩ ልኬቱ ሐሰት ይሆናል። መጽሐፉ ሌላ የመለኪያ ቦታ ካላመለከተ በቀር፣ ከጎማው መካከል ቀጥ ብሎ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ርቀት በአራቱም ጎማዎች ይለካል። ከምድር መለካት ግን ጎማው የተበላ እንደ ሆነ ያታልላል።

የፊት ግራው ቢወርድ የፊቱን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ የኋላ ግራው ባሌስትራ ተሰብሮ አካሉን አዘንብሎት ሊሆን ይችላል። የሃይኤስ የፊት ቶርሽን ባር በብሎን ከፍና ዝቅ ይደረጋል፤ የደከመ ሞላ ግን ጥንዱ አብሮ ይለወጣል። ቁመቱ ከተስተካከለ በኋላ መኪናው እንደ ገና ተጭኖና ተለቆ ይለካል፤ አላይመንቱ የሚሠራው ከዚህ በኋላ ነው።

የጋራዡን ሒሳብ የሚፈርመው ሹም አራቱ ቍጥሮች በወረቀቱ ላይ መጻፋቸውን ሳያይ ባይፈርም መልካም ነው።