ዘር ወይስ ውሃ?

(በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሠራተኞች የተደረገ የጤና ንግግር)



የአንድ ሰው ጥርስ ሲበልዝ፣ ወገቡም በጎልማሳነቱ ሲጎብጥ «ከዘሩ ነው» እንላለን። እውነት ነው እንዴ? መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወንጂ ጎረቤታችን ነው።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሠራተኛው ከልዩ ልዩ አካባቢ መጣ። ይጠጣ የነበረው የጉድጓድ ውሃ ነው። ውሃው ሲያዩት ንጹሕ ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ነገር ግን በስምጥ ሸለቆ ከእሳተ ገሞራ አለት እየሟሟ የሚገባ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት ነበረበት። የዓለም ጤና ድርጅት፣ ፍሎራይድ በአንድ ሊትር ውሃ ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በወንጂ የብዙ ጉድጓዶች ውሃ ከዚህ ልክ በእጥፍ ያልፍ ነበር። ይህን ውሃ ከአሥር ዓመት በላይ ከጠጡት ሠራተኞች የአንዳንዶቹ አንገትና ወገብ አልታጠፍ አለ፤ የጎበጡም ነበሩ። እዚያው ያደጉ ልጆች ደግሞ ጥርሳቸው በለዘ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ጉዳዩን ለዓመታት አጥንተዋል። እንግዲህ ሠራተኞቹ የአንድ አባት ልጆች አልነበሩም፤ ያገናኛቸው ውሃው ነው።

ታዲያ ዘር ምንም ድርሻ የለውም ማለት ነው? አይደለም። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣውን ዝሆኔ እንመልከት። መንደሩ አንድ፣ አፈሩም አንድ ሆኖ ሳለ የሚያብጠው የአንዳንዱ ሰው እግር ብቻ ነው። ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቻቸው በወላይታ ወደ 200 የሚጠጉ ሕሙማንን ከጤነኞች ጋር አስተያይተው ነበር። በ2004 ዓ.ም. ያወጡት ጥናት፣ ከወላጅ የሚወረስ ጂን ለዚህ በሽታ እንደሚያጋልጥ አሳየ። ይሁን እንጂ ጂኑ ያለበት ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ቢያደርግ፣ እግሩንም በሳሙና ቢታጠብ ራሱን ከበሽታው ይጠብቃል። ዘሩን መለወጥ አይችልም፤ ጫማ ማድረግ ግን ይችላል።

ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። ፓርኩ በ2011 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ወጣት ለሥራ ወደ አዳማ መጥቷል። እዚሁ ቤት ይከራያል፤ ልጅም ይወልዳል። ስለዚህ የምትጠጡት ውሃ ከየት እንደሚመጣ ጠይቁ። ከአዋሽ ተጣርቶ በቧንቧ የሚመጣ ነው ወይስ የጉድጓድ? የጉድጓድ ከሆነ ፍሎራይዱ ተለክቷል ወይ? ውሃ ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያወጣም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲያንስ ፍሎራይዱ ይበረታል። በተለይ እስከ 8 ዓመት ላሉ ልጆች አስቡ፤ ቋሚ ጥርሳቸው ድድ ውስጥ የሚሠራው በዚያን ጊዜ ነውና። የጎበጠ ወገብ መልሶ አይቃናም። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይኸው ነው።