ከአንኮበር ኮረብታ እስከ ጓሳ ሜዳ፦ ለቀጣዩ መገናኛችን የቀረበ ሐሳብ

(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለዓመት መጽሐፉ በጥቂቱ ተስተካክሎ የታተመ)



የተሰጠኝ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ነው። አዘጋጆቹ «ስለ አካባቢያችን ቱሪዝም አንድ ነገር ተናገር» አሉኝ። ስለ ቱሪዝም በጥቅሉ ላውራ ብል ሃያው ደቂቃ አይበቃኝም፤ እናንተም የምትይዙት ነገር አይኖርም። ስለዚህ አንድ ጉዞ ብቻ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ከዚህ ከደብረ ብርሃን ይነሣል፣ በአንኮበር በኩል ያልፋል፣ መንዝ ላይ በእግር ያልቃል። ሦስት ወይም አራት ቀን ይፈጃል።

ዩኒቨርሲቲያችን በ1999 ዓ.ም. በሩን ከከፈተ ወዲህ ብዙ ሺህ ሰው እዚህ ተምሮ ሄዷል። እስቲ እጃችሁን አውጡልኝ፤ በተማሪነት ዘመናችሁ አንኮበርን ያያችሁ? ጥሩ፣ ጥቂት አይደላችሁም። መንዝ ውስጥ ከአንድ መንደር ወደ ሌላው በእግራችሁ የሄዳችሁስ? የመንዝ ልጆች እጃችሁን አውርዱ፤ እናንተ አትቆጠሩም!

አያችሁ፣ ሦስት አራት ዓመት ብርዱን ተማርረን፣ ብርድ ልብስ ገዝተን ሄድን። አገሩን ግን በአውቶቡስ መስኮት ነው የምናውቀው።

ጉዞው የሚጀምረው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። ደብረ ብርሃን ለብዙ መንገደኛ የቁርስ ማረፊያ ናት፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሆነች ሰው ሻይ ጠጥቶ ወደ ደሴ ያልፋል። ነገር ግን ይህች ከተማ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ መናገሻ ነበረች። ንጉሡ እንደ አባቶቻቸው ድንኳን እያነሡና እየተከሉ ከመዞር ይልቅ የመጨረሻዎቹን የንግሥና ዓመታቸውን አብዛኛውን እዚህ ተቀምጠው አሳልፈዋል። ስሙም ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። በደቂቀ እስጢፋኖስ ላይ ከተፈጸመው ቅጣት በኋላ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡም ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ቦታውን ደብረ ብርሃን አሉት። ታሪክ አጥኚዎች ይህን ብርሃን እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል። አሁን ያለውን የሥላሴ ሕንፃ ያሠሩት ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። ይህን ሁሉ ከግቢያችን በር በእግር ሄዶ ማየት ይቻላል። ስንቶቻችን ነን ያየነው?

ሁለተኛው ቀን የአንኮበር ነው። ርቀቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን ሲገዙ ዋና መቀመጫቸው አንኮበር ነበር፤ አንጎለላና ደብረ ብርሃንም ይከርሙ ነበር። ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱት አንጎለላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 በካፒቴን ሃሪስ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ይህን ዳገት ወጥቶ ከንጉሡ ጋር የወዳጅነት ውል ተፈራርሟል።

አንኮበር ስትቆሙ ለምን እዚያ እንደተከተመ መጽሐፍ ሳታነቡ ይገባችኋል። ወደ ምሥራቅ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ይወርዳል፤ ከታች የአፋር ቆላ ይታያል። ከባሕር በኩል ጨውና ሸቀጥ ይዞ የሚመጣው ነጋዴ መጀመሪያ ከዳገቱ ሥር አልዩ አምባ ገበያ ይደርስና ነው ወደ ደጋው የሚወጣው። አንኮበርን የያዘ በሩን ያዘ ማለት ነው፤ ስሙ ራሱ «በር» አለበት አይደል? ምኒልክ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ከዞሩ በኋላ ከተማው ተቀዛቀዘ። ቤተ መንግሥቱ ከነበረበት ኮረብታ ላይ የቀረው የግንብ ፍራሽ ነው። እዚያ ለመድረስ የሚያስፈልገው እግር ነው፤ ለእግረኛው ጉዞም ጥሩ ማሟሻ ይሆናል። ወፍ የሚወድ ሰው ካለ ደግሞ ትንሿን የአንኮበር ወፍ ይፈልግ። ለሳይንስ ዓለም የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ አትገኝም።

ከዚያ ወደ መንዝ። ከደብረ ብርሃን በደሴ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ጣርማ በር ስትደርሱ፣ ጣሊያን የሠራው ዋሻ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ። እዚያ ላይ ዓለም ይለወጣል፤ ሜዳ፣ ነፋስ፣ የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ቤት፣ ጥቁር በርኖስ የለበሰ ሰው፣ በየአጥሩ ሥር ጸሐይ እየሞቀ ባና የሚሆን ሱፍ የሚፈተልበት አገር። መንዝን ደቡቡን ሞፈር ውሃ፣ ምዕራቡን አዳባይና ወንጪት፣ ሰሜኑን ቀጨኔ ወንዝ ከበውታል፤ ምሥራቁ ገደል ነው። ከጥንት ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብሎ ለሦስት ይከፈላል። የሸዋን ሥርወ መንግሥት የመሠረቱት ነጋሲ ክርስቶስ የተነሡት ከዚህ ነው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» ብሎ ያሳተመውን መጽሐፍ የጻፈው እዚህ መንዝ ተቀምጦ ሕዝቡን ካጠና በኋላ ነው። እንግዲህ ከቺካጎ የመጣ ሰው መንዝ ከርሟል፤ እኛ ከደብረ ብርሃን አልሄድንም።

የጉዞው እምብርት ጓሳ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ጓሳ የሣር ስም ነው፤ ቦታውም በሣሩ ተጠራ። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ላይ የተዘረጋ፣ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውርጫማ ሜዳ ነው። ቀይ ቀበሮ አለበት፤ በዓለም ላይ የቀረው የቀይ ቀበሮ ቁጥር በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር መሆኑን አስታውሱ። ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ሆኖ ሣር ሲነጭ ታያላችሁ። ጅብራው ሜዳው ላይ እንደ ዘበኛ ቆሟል።

ታዲያ ይህ ሜዳ ዙሪያው ሁሉ ታርሶና ግጦ ሳለ እንዴት ተረፈ? መንግሥት ስለጠበቀው አይደለም። ገበሬው ስለጠበቀው ነው። ቀሮ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው፤ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይነገርለታል። ሜዳው በአስቦና በጌራ ወገን ተከፍሎ፣ በተመረጡ አለቆች ሥር ሆኖ፣ ለዓመታት ይዘጋል። አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴ አምስት ዓመት። ሣሩ ደረሰ ሲባል ይከፈታል፤ ሰው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነውን ያጭዳል፤ ከዚያ ከብት ይገባል፤ ክረምት ሲቃረብ እንደገና ይዘጋል። ሕጉን የጣሰ ይቀጣል።

የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስቱን ሲሽረው በርስት ላይ የቆመው ቀሮም አብሮ ወደቀ። ሜዳው ተጎዳ። በኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ ኮሚቴ አቋቁሞ መጠበቁን ቀጠለ፤ ዛሬም በክልሉ ሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ ለምን መሰላችሁ? ጓሳ የሚዘጋበት እያንዳንዱ ዓመት ለአንድ የመንዝ ቤተሰብ ኪሳራ አለው። ከብቱ እዚያው አፉ ሥር ሣር እያየ ይራባል። እንግዳ መጥቶ ፎቶ አንስቶ፣ ምሳውን ከአዲስ አበባ በካርቶን ይዞ መጥቶ በልቶ፣ ፕላስቲኩን ጥሎ ከሄደ ያ ገበሬ ለምን ይጠብቃል? እንግዳው መንደር ውስጥ አድሮ፣ በሶና ጠላ ገዝቶ፣ በቅሎ ተከራይቶ፣ ባና ገዝቶ ከሄደ ግን መዝጋቱ ትርጉም ይኖረዋል። በመኪናና በእግር መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው። መኪና በመንደሩ ያልፋል፤ እግረኛ ግን ይደክመዋል፣ ይርበዋል፣ ይመሽበታል። ስለዚህ ገንዘቡ መንደር ውስጥ ይቀራል።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ላሊበላን አይቶ በላስታና በመቄት ደጋ በእግር ከመንደር መንደር መሄድ «ተስፋ» በሚባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ ተሞክሯል። ማረፊያውን የሚያስተዳድረው የመንደሩ ሰው ነው፤ አስተናጋጁም፣ መንገድ መሪውም፣ የአህያው ባለቤትም እንደዚሁ። እዚያ ላሊበላ የሆነችውን እዚህ አንኮበርና ደብረ ብርሃን መሆን ይችላሉ።

አሁን አንድ ክርክር ላንሣ። በውጭ አገር ያላችሁ ጓደኞቻችን «ያለ አስጎብኚ፣ ካርታ ይዞ፣ በራስ መሄድ» የሚባለውን ለምዳችኋል። በአውሮፓ ተራሮች መንገዱ ላይ ቀለም ተቀብቷል፤ ቀለሙን ተከትሎ ማንንም ሳያናግሩ መድረስ ይቻላል። መንዝ ላይ ምልክቱ ሰው ነው። እረኛውን፣ ከገበያ የሚመለሰውን፣ ውሃ የምትቀዳዋን «እንደምን ዋላችሁ፤ ወደዚህ መንደር በየት በኩል ነው?» ማለት የግድ ነው። ለእኔ ይህ ጉድለት አይደለም። መንገድ የጠየቃችሁት ሰው ከየት እንደመጣችሁ፣ የማን ልጅ እንደሆናችሁ ይጠይቃል፤ ግማሽ መንገድ ይሸኛችኋል፤ ቡና ካልጠጣችሁ ይላል።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ መካከለኛ ነው። በመንደሮች መካከል፣ ሕዝብ በሚሄድበት የእግር መንገድ፣ ራሳችሁን ችላችሁ ሂዱ። ጓሳ ክልል ውስጥ ግን ጽሕፈት ቤቱ ጋ ተመዝግባችሁ፣ ከፍላችሁ፣ ከአካባቢው ጠባቂ ጋር ግቡ። የአገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ ይባላል። ጉም በድንገት ሲወርድ ሜዳው ሁሉ አንድ ይሆናል፤ ያኔ የስልክ ካርታ ከአንድ የመንዝ ልጅ አይበልጥም።

ጥቂት ተግባራዊ ነገር ልጨምር፤ መምህር ስለሆንኩ አይቻለኝም።

የመጀመሪያውን ሌሊት ደብረ ብርሃን እደሩ። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ሰውነት ቀስ ብሎ ይለምዳል። ከቆላ ከተማ መጥቶ በዚያው ቀን ጓሳ ላይ መሮጥ ራስ ምታት ነው ትርፉ። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ይጥላል። ጠዋት ጸሐይ ሲወጣ ተነሡ፣ በዘጠኝ ሰዓት ማደሪያችሁ ድረሱ። ዱላ ያዙ፤ የመንዝ ውሻ እንግዳ አይወድም። የራሳችሁን ውሻ ግን በፍጹም ይዛችሁ አትምጡ፤ ቀይ ቀበሮን ከሚጨርሱት አንዱ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ለጭላዳ ምግብ አትስጡ። ማሳ አታቋርጡ። ዝርዝር ብር ያዙ፤ መንደር ውስጥ ለሁለት መቶ ብር መልስ ፍለጋ ሰው አታስቸግሩ። ካርታ ላይ ቅርብ መስሏችሁ ደግሞ ከመንዝ ወደ መርሐቤቴ በአንድ ቀን እሻገራለሁ እንዳትሉ፤ በመካከሉ ያለው የወንዝ ገደል ቁልቁለቱ አንድ ቀን፣ ዳገቱ ሌላ ቀን ነው። ግሼም ራሱን የቻለ ጉዞ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ይህን ስናገር አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «ሰላሙስ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ደርሶ ነበር። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ክልላችን በሌላ ግጭት ውስጥ ነው። እዚሁ ከተማችን ውስጥ ከቤታቸው የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በመጠለያ ይኖራሉ። ታሪካዊ ከተማ እንጎብኝ ስንል እነሱን አልፈን አይደለም የምናየው። መንገዱ ክፍት ነው ወይ የሚለውን ከአገሩ ሰው ሳይጠይቅ ማንም እንዳይነሣ። ካልሆነ ይቅር፤ ሜዳው አይሄድም።

ግን «ሰላም ሲሆን እናስባለን» ብለን ከተቀመጥን፣ ሰላሙ ሲመጣ ባዶ እጃችንን ያገኘናል። ዛሬ መሥራት የሚቻል ሥራ አለ። ሦስት ነገር ለማኅበሩ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የጂኦግራፊና የቱሪዝም መምህራን ከመንዝ ተወላጅ ተማሪዎች ጋር ሆናችሁ የእግር መንገዶቹን በስም መዝግቡልን፤ መንደሩን፣ ምንጩን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ የሚፈጀውን ሰዓት። በርቀት ሳይሆን በሰዓት፤ የአገሩ ሰው የሚቆጥረው እንደዚያ ነው። ሁለት ገጽ በአማርኛ ይበቃል። ሽማግሌዎቹ ስለ ቀሮ የሚያውቁትም አብሮ ይጻፍ፤ እነሱ ካለፉ በኋላ የምንጠይቀው የለም።

ሁለተኛ፣ እንግዳ ለማሳደር ፈቃደኛ የሆኑ ቤተሰቦችን ከኮሚቴው ጋር ሆነን እንለይ፤ ዋጋውንም እነሱ ይወስኑ። እኛ ከተማ ሆነን አንተምንላቸው።

ሦስተኛ፣ መንገዱ ሲፈቅድ ቀጣዩ መገናኛችን አዳራሽ ውስጥ ብቻ አይለቅ። አንድ ቀን ከተማ፣ አንድ ቀን አንኮበር፣ ከዚያ የሚችል በእግር፣ የማይችል በበቅሎ። ለአዳራሽ ማስዋቢያና ለቲሸርት የምናወጣው ገንዘብ ወደ መንዝ ይሂድ። አዲስ ቲሸርት ባይኖረን ባና እንለብሳለን፤ ይሞቃልም።

ጥያቄ ካላችሁ ሻይ ላይ አለሁ።