ሶኬቱ 220 ሲል ወዲያው አትመኑት



ከደሴ ግቢ የወጣን ሐኪሞችና ከኮምቦልቻ ግቢ የወጣችሁ ኢንጂነሮች በአንድ አዳራሽ የምንገናኝበት ቀን ብዙ አይደለም። ስለዚህ ዛሬ የጋራችን የሆነች አንዲት ቀመር ይዤ መጥቻለሁ። ጀርመናዊው ጆርጅ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተማት ናት፤ ቮልቴጅ ማለት ከረንት ሲባዛ በሬዚስታንስ። እኛም የደም ግፊትን የተማርነው በዚችው መልክ ነው፤ ልብ የሚረጨው የደም መጠን ሲባዛ በደም ሥሮች መቋቋም።

እስቲ ምጣድ እንጣድ። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሬዚስታንስ 14 ኦም ነው እንበል። ከትራንስፎርመሩ እስከ ቤቱ ያለው ሽቦ፣ ደርሶ መልሱ፣ ከላላ ማያያዣው ጋር 2 ኦም ይሁን። ተከታታይ ስለሆኑ ይደመራሉ፤ 16 ኦም። 220 ቮልት ለ16 ሲካፈል 13.75 አምፔር ይመጣል። ምጣዱ የሚያገኘው 13.75 በ14፣ ማለትም 192.5 ቮልት ነው። 27.5 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ። አምፖሉ የሚፈዘው፣ እንጀራው ዐይን አላወጣ የሚለው ለዚህ ነው። መንገድ ላይ የቀረው ደግሞ 378 ዋት ያህል ሙቀት ነው፤ አብዛኛው የላላው ማያያዣ ላይ ካረፈ እሳት ያስነሣል።

አሁን ምጣዱን አጥፉና ሶኬቱን ለኩ። ከረንት የለም፤ ዜሮ በ2 ሲባዛ ዜሮ ነው። መልቲሜትሩ 220 ይላል። ሽቦው ግን ያው ነው!

ይህን በሽተኛ እኛ እናውቀዋለን። አልጋ ላይ ሲተኛ ኢሲጂው ደህና ነው፤ የደሴን ዳገት ሲወጣ ግን ደረቱን ጨምድዶ ይይዘዋል። የጠበበ የደም ሥር ባለቤቱ ሲያርፍ ዝም ሊል ይችላል።

ነገሩ ጤና ጣቢያ ሲገባ ጨዋታነቱ ያበቃል። በምጣዱ ፋንታ የዕቃ ማምከኛ ማሽን አድርጉ፤ እዚያው መስመር ላይ የኦክስጅን ኮንሰንትሬተርና የክትባት ማቀዝቀዣ አሉ። ብዙ መሣሪያዎች የሚታገሡት የ10 በመቶ ያህል መውረድን ነው፤ ለ220 ይህ 198 ቮልት ነው። 192.5 ከዚያ በታች ነው። ኮንሰንትሬተሩ ሊቆም፣ የማቀዝቀዣው ሞተር መነሣት አቅቶት ሊግል ይችላል። የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን ደግሞ ማምከኛው እስኪጨርስ አይጠብቅም።

ባለሙያ ሲጠራ ማምከኛው ጠፍቷል። ይለካል፤ 220። «መስመሩ ደህና ነው፣ ማሽኑ ነው የተበላሸው» ይባልና ጤነኛው ማሽን መጋዘን ይገባል።

በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅና በኢንዱስትሪ ፓርኩ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሞተር የሚመረመረው ሥራ ላይ ሆኖ ነው። እኛም ጋ ሁለት ጊዜ ይለካ፤ አንዴ ሁሉም ጠፍቶ፣ አንዴ ማምከኛው በርቶ። ልዩነቱ ለከረንቱ ሲካፈል የመስመሩን ሬዚስታንስ ይሰጣል፤ 27.5 ለ13.75፣ ይኸው 2 ኦም። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ ማያያዣውን ማጥበቅ፣ ሽቦውን ማወፈር፣ ለኦክስጅኑ የራሱን መስመር መዘርጋት። ስታቢላይዘር ማሽኑን ይረዳ ይሆናል፤ የላላ ማያያዣ ግን አያጠብቅም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ናት። ከዚህ ስንበተን አንድ ሐኪምና አንድ ኢንጂነር ተጣምረን፣ እያንዳንዳችን የምናውቀውን አንድ ጤና ጣቢያ በሥራ ሰዓት እንለካ። ወጪው አንድ መልቲሜትርና የግማሽ ቀን ጊዜ ነው።