ወስፌና አምፖል



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ስፌት ነው። ስፌት ስንል መሶቡን፣ ሰፌዱን፣ ሙዳዩን፣ አገልግሉን ማለታችን ነው። በወለጋ ይህን የማያውቅ ቤት አለ? የለም።

ነቀምቴ ከተማ የወለጋ ሙዚየም አለ። እዚያ ከቀድሞ ዕቃዎች ጋር የስፌት ሥራም ለሕዝብ ይታያል። መታየቱ ደግ ነው። ነገር ግን ስፌት በሙዚየም ብቻ ቢቀር ምን ይጠቅመናል?

እስቲ ገበያ ወጥተን እንይ። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በደምቢዶሎ፣ በሻምቡ የፕላስቲክ ዕቃ ተደርድሯል። ፕላስቲክ ርካሽ ነው። ውሃ ይይዛል። ቶሎ አይበሰብስም። ይህን ልንክድ አንችልም። በርካሽነት እንወዳደረው ብንል እንሸነፋለን። ታዲያ ምን እናድርግ? ለእጅ የሚገባውን ለእጅ፣ ለመሣሪያ የሚገባውን ለመሣሪያ እንስጥ።

አንዳንድ ሰው «ስፌት የአያቶቻችን ነው፤ አዲስ ነገር አይግባበት» ይላል። አለላውን ተመልከቱ። ከሱቅ በዱቄት የምንገዛው ቀለም ከየት መጣ? ዊልያም ፔርኪን የሚባል የ18 ዓመት የእንግሊዝ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1856 ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ከሚገኝ ነገር ወይን ጠጅ ቀለም ሠራ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ቀለሞች ተከተሉ። ስለዚህ ሳይንስ መሶባችን ውስጥ ከገባ ቆይቷል። እናቶቻችን ቀለሙን ተቀበሉ፤ ጌጡን ግን የራሳቸው አደረጉት።

አሁንም እንዲሁ ማድረግ እንችላለን። በወለጋ ምድር የፊንጫ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። መብራት በገባበት ቤት አምፖሉ ራቁቱን ተንጠልጥሎ ዓይን ይወጋል። የመሶብ ክዳን የመሰለ ቆብ ብንሰፋለትስ? የከተማ ሰው፣ ሆቴልና ቡና ቤት ሊገዛው ይችላል።

ቀድሞ ይህ አስጊ ነበር። ባለ ሽቦው አምፖል ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ሙቀት ያደርገዋል። ደረቅ ሣር ቢነካ ያቃጥላል። ኤል ኢ ዲ የሚባለው አምፖል ግን በ9 ዋት ገደማ የባለ 60 ዋቱን ያህል ብርሃን ይሰጣል። ሙቀቱም አነስተኛ ነው። ቢሆንም ሣሩ አምፖሉን አይንካው። ቆቡ ከላይ አየር መውጫ ይኑረው። ገመዱን ሙያውን የሚያውቅ ሰው ይቀጥለው።

ለዚህ ሥራ ሦስት ነገር ያስፈልገናል።

1ኛ/ ልክ። ገዢ ስድስት ቆብ ቢያዝ ስድስቱም እኩል መሆን አለባቸው። በዓይን ብቻ አይሆንም፤ በሜትር እንለካ። ለምሳሌ የአፉ ስፋት 30 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ይሁን። አናጢ በዚህ ልክ የእንጨት ቅርጽ ይሥራልን። ስፌቱን በዚያ ላይ እየለካን እንሰፋለን።

2ኛ/ ቀለም። የተሰፋውን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እንሸው። ጨርቁ ቀለም ከያዘ አለላው ይለቃል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ ምግብ አይቅረብ።

3ኛ/ ሂሳብ። አንዲት እናት አንድ መሶብ በ20 ቀን ሠርታ በ2,000 ብር ሸጠች እንበል። ለሣርና ለቀለም 400 ብር አውጥታለች። የቀራት 1,600 ብር ነው። ለ20 ቀን ሲካፈል በቀን 80 ብር ይሆናል። ይህ ለሙያዋ ይበቃል? ቀኑንና ወጪውን ካልጻፈች ጥያቄውን እንኳ መጠየቅ አትችልም። ነጋዴው ግን ጽፎ ያውቃል። ፊደል የቆጠርነው ለዚህም ነው።

ስልክ ያለው ልጅ ፎቶ ቢያነሳ፣ ዕቃው ነቀምቴ ሆኖ አዲስ አበባ ይታያል። አናጢውም፣ መብራት የሚቀጥለውም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ሣሩን መርጦ፣ ጠምጥሞ፣ ወስፌውን የሚጨብጠው የእናቶች እጅ ነው። ዋጋው ሲከፋፈል ይህ እጅ እንዳይረሳ!

ዛሬ ማታ ቤት ስንገባ የመሶባችንን አፍ በሜትር እንለካ። ልኩን ደብተራችን ላይ እንጻፍ። ሥራው ከዚያ ይጀመራል።